ነፋስ በቆመበት ባሕር ላይ፦ የዶናልድ ክራውኸርስት ሕይወት

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የክፍል ሥራ ነው። የአየር ንብረት መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ የአየር ግፊት ቀበቶ እንድንይዝና ያ ቀበቶ በአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ላይ ያደረገውን ነገር ፈልገን እንድናቀርብ አዘዙን። ጓደኞቼ ቶሎ ቶሎ ብለው ጥሩ ጥሩውን ወሰዱ። ለእኔ የተረፈኝ ማንም ያልፈለገው፣ ነፋስ የማይነፍስበት ቀበቶ ነው። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ነፋስ ስለሌለበት ቦታ ምን ተብሎ ይጻፋል? ዝናብ የለ፣ ማዕበል የለ፣ ምንም የለ!

በኋላ ግን በዚያ ቀበቶ ውስጥ ስለጠፋ አንድ እንግሊዛዊ ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ለምን እንዳጣሁ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ የሰውየውን ታሪክ ላስቀድም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስ ለምን ይቆማል?

በአንደኛ ዓመት እንደተማርነው በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ወጥቶም እዚያው አይቀርም፤ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሄድና 30 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ሲደርስ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። አየር በሚወርድበት አካባቢ ከፍተኛ ግፊት ይፈጠራል፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ዝናብ ይጠፋል፣ ነፋሱም ይደክማል። ቦታው የብስ ከሆነ ሰሃራን የመሰለ በረሃ ይሆናል። ባሕር ከሆነ ደግሞ የጥንት መርከበኞች እንደ ማዕበል የሚፈሩት ጸጥታ ይሰፍንበታል። አየሩ የሚወጣበት የምድር ወገብ ቀበቶም ቢሆን ለባለ ሸራ ጀልባ አይመችም፤ አንዴ ዶፍ ነው፣ አንዴ ደግሞ ጭጭ ያለ ነው። ይህን ሁለተኛውን ቀበቶ እኛ በደንብ እናውቀዋለን፤ በበጋቸው ወራት ወደ ሰሜን ከፍ ሲል ለአገራችን ክረምትን ይዞ የሚመጣው እሱ ነውና።

ነፋስ ሲቆም ጀልባዋ ዝም ብላ የምትቆም ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው። መሪ የሚሠራው ውሃ በጎኑ ሲያልፍ ስለሆነ ጀልባዋ ካልተንቀሳቀሰች መሪው አይታዘዝም። ከሩቅ የመጣ ሞገድ ግን ግራና ቀኝ ያንገላታታል፤ ሸራው በባዶ ይማታል፤ ገመዱም ምሰሶውም ይንቋቋል። በጀልባዋ ላይ ያለው ሰው የሚታገለው ነገር የለውም። መጠበቅና ከራሱ ሐሳብ ጋር መቀመጥ ብቻ ነው ሥራው።

ልጅነቱና ሥራው

ዶናልድ ክራውኸርስት በ1932 ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ ጋዚያባድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በባቡር መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እናቱ መምህርት ነበሩ። በ1947 ሕንድ ነፃነቷን ስታገኝ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ጥሪታቸውን ግን ያዋሉት እዚያው ሕንድ ውስጥ በቀረ የስፖርት ዕቃ ፋብሪካ ላይ ነበር። አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል በተነሣው ሁከት ፋብሪካው ተቃጠለ። በ1948 ደግሞ አባትየው ሞቱ። ልጁም ትምህርቱን በጊዜ አቋርጦ ፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም በሙያ ተለማማጅነት ገባ።

ክራውኸርስት ጭንቅላቱ ፈጣን፣ አንደበቱም የሚጥም ሰው ነበር ይባላል። በ1953 በአየር ኃይል መኮንን ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንዲለቅ ተጠየቀ። በ1956 ወደ ምድር ጦር ገባ፤ በዚያው ዓመት ከዚያም በሥነ ሥርዓት ጉድለት ወጣ። ትዳር መሥርቶ አራት ልጆች ወለደ፤ ብሪጅዋተር በምትባል ከተማ የምክር ቤት አባል እስከመሆን ደረሰ፤ ኤሌክትሮን ዩቲላይዜሽን የተባለ የራሱን ድርጅትም አቋቋመ። ድርጅቱ ናቪኬተር የሚባል በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ እየሠራ ለጀልባ ባለቤቶች ይሸጥ ነበር። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ገበያው ግን እምብዛም አልሆነም። በ1968 ክራውኸርስት 36 ዓመቱ ነበር፤ ድርጅቱም ሊወድቅ ይንገዳገድ ነበር።

ወርቃማው ሉል

ፍራንሲስ ቺችስተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1966 እና 1967 ብቻውን ሆኖ፣ ሲድኒ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ ዓለምን በሸራ ጀልባ ዞሮ ነበር። የእንግሊዝ ሕዝብ በዚህ ሰው አበደ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብቻን ሆኖ፣ ያለ አንዳች ማረፊያና ያለ ማንም እርዳታ መዞር። ሰንደይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በመጋቢት 1968 ለዚህ ጎልደን ግሎብ ወይም ወርቃማው ሉል የተባለ ውድድር አወጀ። መጀመሪያ ለሚደርሰው የሉል ቅርጽ ያለው ዋንጫ፣ በፍጥነት ለሚያጠናቅቀው ደግሞ 5000 ፓውንድ ይሰጣል። የሚነሡበት ቀን ለየብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከጥቅምት 31 ቀን 1968 ማለፍ የለበትም።

ዘጠኝ ሰዎች ተመዘገቡ። ከነሱ መካከል እንደ ሮቢን ኖክስ ጆንስተንና እንደ ፈረንሳዊው በርናርድ ሟቴሲዬ ያሉ በባሕር ላይ የኖሩ ነበሩ። ክራውኸርስት ግን የቅዳሜና እሑድ ቀዛፊ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ቢሆንም ካሸነፈ ስሙ ይነሣል፣ ስሙ ከተነሣ ድርጅቱ ይድናል ብሎ አሰበ። ስታንሊ ቤስት የተባለ ነጋዴ ለጀልባዋ መሥሪያ ገንዘብ ሰጠው። ውሉ ግን የዋዛ አልነበረም፤ ክራውኸርስት ቤቱንም ድርጅቱንም አስይዟል፤ ጉዞውን ካቋረጠ ዕዳው በሙሉ በሱ ላይ ይወድቃል። በሌላ አነጋገር ገና ከወደቡ ሳይወጣ የመመለሻው በር ተዘግቶበታል።

ጀልባዋ ቲንመዝ ኤሌክትሮን ትባላለች፤ 40 ጫማ ርዝመት ያላት፣ ሦስት ጎን ለጎን የተያያዙ አካላት ያሏት ትራይማራን ናት። እንዲህ ያለች ጀልባ ፈጣን ናት፣ አንዴ ከተገለበጠች ግን ራሷን አትመልስም። ክራውኸርስት ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ያለውን ዘዴ አስቦ ነበር፤ ጀልባዋ ስታዘነብል ምሰሶው ጫፍ ላይ ያለ ከረጢት በራሱ ጊዜ አየር ይሞላል። ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ጊዜ ግን አልነበረም። ሽቦዎቹ ተዘርግተው ከምንም ጋር ሳይገናኙ ቀሩ። ለሙከራ ከተሠራችበት ወደ ቲንመዝ ወደብ ሲያመጣት ሦስት ቀን ይፈጃል የተባለው መንገድ 13 ቀን ፈጀ። እንዲያም ሆኖ በመጨረሻው ቀን፣ ጥቅምት 31፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ተነሣ።

ሁለት መንገድ

ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀልባዋ ውሃ ማስገባት ጀመረች፤ ብሎኖቿም እየረገፉ ነበር። ውሃውን በፓምፕ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጎማ ወደብ ላይ ተረስቶ ስለቀረ በባልዲ ይቀዳ ነበር። በኅዳር አጋማሽ ቁጭ ብሎ ነገሩን በወረቀት ላይ አሰላው። በዚህ ጀልባ ወደ ደቡቡ ውቅያኖስ መግባት ሞት እንደሆነ ገባው። መመለስ ደግሞ ኪሳራ ነው፤ ቤቱም ይሸጣል፣ ሚስቱና ልጆቹም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ወገኖቼ፣ እኔ ብሆን ምን እመርጥ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።

እሱ ሦስተኛ መንገድ መረጠ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ያለበትን ቦታ እየዋሸ በሬዲዮ መላክ ጀመረ። በአንድ ቀን 243 የባሕር ማይል ሄድኩ ሲል አዲስ ክብረ ወሰን ሆነ ተባለ፤ የማስታወቂያ ሰው ሆኖ ያገለግለው የነበረው ሮድኒ ሆልዎርዝም ወሬውን ለጋዜጦች በሰፊው ነዛው። ከጥር 19 ቀን 1969 በኋላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ክፍል ውሃ ስለሚያስገባ አሽጌዋለሁ የሚል ምክንያት ሰጥቶ ወደ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሬዲዮውን ዘጋ። ዓለም እሱን በሕንድ ውቅያኖስና በፓስፊክ ሲፈልገው፣ እሱ ደቡብ አትላንቲክ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። በመጋቢት አንድ ጎኗ የተሰነጠቀውን ጀልባ ለመጠገን ኮምፔንሳቶና ብሎን ፍለጋ አርጀንቲና ውስጥ ሪዮ ሳላዶ በተባለ ቦታ በድብቅ ወረደ። በውድድሩ ሕግ ይህ ብቻውን ያስባርረዋል።

እንደ ጂኦግራፊ ተማሪ በጣም የገረመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ውሸት ለመዋሸት ከእውነት የበለጠ እውቀት ይጠይቃል። ያልሄደበትን ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለማውጣት የፀሐይን ከፍታ ከመለካት ይልቅ ወደኋላ ተመልሶ ማስላት ነበረበት፤ ይኸውም በሰከንድና በዲግሪ ክፍልፋይ። ከዚህ ሁሉ ጋር ግን የሄደበትን እውነተኛ መንገድ መመዝገቡን አላቋረጠም። ሁለቱም በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረውት ይጓዙ ነበር።

ማሸነፍ የፈራ ሰው

ዕቅዱ ምን ነበር? ሌሎቹ ዞረው ሲመለሱ ከኋላቸው ተቀላቅሎ መጨረሻ መውጣት ነው። የተሸነፈን ሰው መዝገብ ማን ይመረምራል? ክብሩን ይዞ፣ ዕዳውን አምልጦ፣ ወደ ልጆቹ ይገባል።

ሆኖም ሌሎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ። ኖክስ ጆንስተን በ312 ቀናት ዞሮ ሚያዝያ 22 ቀን 1969 ፋልመዝ ወደብ ገባ፤ ዋንጫው የሱ ሆነ። ሟቴሲዬ ለማሸነፍ ጥሩ ዕድል እያለው ዋንጫም ገንዘብም አልፈልግም ብሎ ጉዞውን ወደ ታሂቲ ቀጠለ። ለ5000 ፓውንዱ የቀሩት ናይጅል ቴትሊና ክራውኸርስት ብቻ ሆኑ። ቴትሊ በእውነት ዓለምን ዞሮ፣ ወደ አገሩ እየተቃረበ ነበር። ጀልባው እንደ ክራውኸርስት ጀልባ ትራይማራን ናት፤ በጣም ተጎድታለች። ቀስ ብሎ ቢሄድ ይደርስ ነበር። ነገር ግን ክራውኸርስት ከኋላው እየገሰገሰ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ሸራውን ሙሉ ዘርግቶ አስጋለባት። ግንቦት 21 ቀን ከአዞሬስ ደሴቶች አቅራቢያ ጀልባዋ ተሰነጣጥቃ ሰመጠች። ሕይወቱ ተርፏል። ያባረረው ግን የሌለ ሰው ጥላ ነበር።

እንግዲህ ክራውኸርስት ሳይፈልግ አሸናፊ ሊሆን ነው። አሁን ወደብ ላይ የሚጠብቀው ሕዝብ ነው፤ ቴሌቪዥን ነው፤ መዝገቡን ገልጠው የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በፊት ያስጨነቀው መሸነፍ ነበር፤ አሁን ደግሞ ማሸነፍ ሆነ።

ሳርጋሶ

በሰኔ 1969 ቲንመዝ ኤሌክትሮን ሳርጋሶ ባሕር ገባች። ሳርጋሶ በዓለም ላይ የባሕር ዳርቻ የሌለው ብቸኛው ባሕር ነው፤ ወሰኖቹ ወንዝ መሰል የውቅያኖስ ሞገዶች ናቸው። በምዕራብ የባሕረ ሰላጤው ሞገድ፣ በሰሜን የሰሜን አትላንቲክ ሞገድ፣ በምሥራቅ የካናሪ ሞገድ፣ በደቡብ የሰሜን ምድር ወገብ ሞገድ ይከብቡታል። መሐሉ የረጋ ነው፤ ወርቅማ ቡኒ የባሕር አረም ተንሳፎበት ይታያል። ከላይ ደግሞ ያ የተናገርኩት ከፍተኛ ግፊት ተጭኖበታል። ነፋሱ አንዴ ሽው ይላል፣ ከዚያ ጨርሶ ይጠፋል።

በመጀመሪያዎቹ የሰኔ ቀናት ሬዲዮ ማስተላለፊያው ተበላሸበት። ክራውኸርስት በዚያ ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ክፍሎቹን ፈታትቶ፣ ሽቦ እየበየደ ለመጠገን ከሁለት ሳምንት በላይ ታገለ። የኤሌክትሮኒክስ ሰው ነውና ይህ የሚያውቀው ሥራ ነበር፤ ምናልባትም አእምሮውን ይዞለት የቆየው እሱ ነበር ብዬ አስባለሁ። በሰኔ 22 መልእክት መላክ ቻለ። የመጣለት መልስ ግን ስለ አቀባበሉ ድግስ ነበር። የሚስቱን ድምፅ ለመስማት ቢሞክርም አልተሳካለትም።

ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር አልቀረም። የሚዞር መሪ የለም፣ የሚሰበሰብ ሸራ የለም። በሰኔ 24 ጀልባዋን ለተንሳፋፊው ውሃ ትቶ መጻፍ ጀመረ። ይዞት ከሄደው የአንስታይን የአንጻራዊነት መጽሐፍ ተነሥቶ፣ አእምሮ ከሥጋ ወጥቶ ስለመሄድ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ጨዋታና ስለ ሕጉ ከ25000 በላይ ቃላት በስምንት ቀን ውስጥ ጻፈ። አእምሮው ከእጁ እየወጣ እንደነበር ያነበቡት ሁሉ ይስማማሉ። በመጨረሻው ላይ ግን ወደ ኃጢአቱና ወደ እውነት ተመለሰ። የመጨረሻው ጽሑፍ የሐምሌ 1 ቀን ነው። ከተነሣበት ቀን አንሥቼ ብቆጥረው 243ኛው ቀን ሆኖ አገኘሁት፤ በውሸት ክብረ ወሰኑ ከመዘገባቸው ማይሎች ጋር እኩል።

ሐምሌ 10 ቀን ፒካርዲ የተባለች የፖስታ መርከብ ባዶዋን የምትንሳፈፍ ጀልባ አገኘች። ባለቤቷ አልነበረም። ማዕበል የመታት አትመስልም። እውነተኛውን መንገዱን የሚያሳዩት መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ተቀምጠዋል። ወደ ባሕሩ የገባው በራሱ ፈቃድ እንደሆነ ይታመናል፤ አስከሬኑ አልተገኘም። ኒኮላስ ቶማሊንና ሮን ሆል የተባሉ ጋዜጠኞች እነዚያን መዝገቦች መርምረው በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን ሁሉ ይፋ አደረጉት።

ልብ በሉ! ይህ ሰው መዝገቦቹን ወደ ባሕር መጣል ይችል ነበር። ቢጥላቸው ኖሮ ዛሬ በጀግንነት ይጠራ ነበር። አልጣላቸውም። በሕይወት ሊናገረው ያቃተውን እውነት ለሚያገኘው ሰው አስቀመጠለት። ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ደግሞ ለብቸኛው ጨራሽ የደረሰውን 5000 ፓውንድ ለክራውኸርስት ባለቤትና ልጆች ሰጠ። ይህን ሳነብ ነው ሆዴ የባሰ የተንቦጫቦጨው። ምሕረት ያን ያህል ቅርብ ነበር ማለት ነው። ወደቡ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ውርደት ብቻ መስሎት ነበር፤ ይቅር የሚል ሰውም ነበረ።

የእኔ ነገር

አበው ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የክራውኸርስት ስንቅ በእርግጥ እየቀለለ ሄዷል። ውሸቱ ግን የከበደው እያደር ነው፤ የከበደውም በማዕበል ጊዜ ሳይሆን ነፋስ በቆመ ጊዜ ነው። ማዕበል ሲኖር ሰው ይታገላል፣ ይረሳል። ጸጥ ሲል ግን ሁሉም ነገር ይመጣል።

እንቅልፍ ያጣሁበትን ምክንያት ልናገር። ባለፈው ዓመት ለ30 ቀናት በየጠዋቱ የዝናብና የነፋስ መለኪያ እያነበብን እንድንመዘግብ ታዘን ነበር። እኔ ለበዓል ቤተሰቦቼ ጋ ሄጄ ዘጠኝ ቀን ቀረሁ። ተመልሼ መጥቼ ዘጠኙን ቀን ከፊትና ከኋላ ያሉትን ቁጥሮች እያየሁ ሞላሁት። ማንም አላወቀም። መጥፎው ነገር ሠንጠረዤ ጥሩ ሆኖ መገኘቱ ነው። መምህሬ አመሰገኑኝ፤ ቀጥለውም ለሚመጡት ተማሪዎች ማነጻጸሪያ እንዲሆን እንደሚያስቀምጡት ነገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳቸውን ኮሪደር ላይ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ምስጋናው እንደዚያ ያስፈራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የኔ ነገር ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ አውቃለሁ። መንገዱ ግን ያው ነው፤ የሚጀምረውም በአንዲት ቁጥር ነው።

ይህን ጽሑፍ ጀምሬ ሳልጨርስ ወደ ቢሯቸው ሄድኩ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ሠንጠረዡን ከመሳቢያቸው አውጥተው፣ ቀይ እስክሪብቶ ሰጥተው፣ ዘጠኙን መስመር ራሴ እንድሰርዝና በእያንዳንዱ ላይ አልተለካም ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ። የተሰጠኝን ነጥብም ቀነሱት። ሠንጠረዡን ግን አልጣሉትም፤ እንደዚያው እንደተሰረዘ ይቀመጣል አሉኝ፤ የተለካውና ያልተለካው ተለይቶ ከታወቀ ይጠቅማልና።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ይዞ የሚጨነቅ ካለ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ነፋስ እስኪቆምበት አይጠብቅ። ለጓደኛም ይሁን ለመምህር፣ ለወንድም ይሁን ለእህት፣ ለአንድ ሰው ይንገር። ቸር ሰንብቱ።